ትል የሌለበት

ሃያ አምስት ጊዜ ነው ስንዳዮ የገባች፣
ከባዱ በር ሲዘጋ ብቻዋን የቀረች።
«አትንቀሳቀሺ» ይላል ከግድግዳው የወጣ ድምፅ፤
እሳት ነው ይሉታል፦ ነበልባል የለው፣ ጭስ የለው፣ የለው ቅርፅ።
ለመለኪያ ብለው ደረቷ ላይ ሦስት ነጥብ ሲነቅሷት
ሳቀች አሉ፣ ነርሷ ግራ ገብቷት።
«በስምንት ዓመቴ፣ ከጭልጋ በታች፣ ወንዝ ዳር፣
አንገቴን ዙሪያውን በእሾህ ነቅሰውኛል፤ ይኼ ምን ሊያስፈራኝ ነበር?»

ዕጢው ጠፋ አሉን።
በበጋው መጨረሻ ሳሉ መጣ፣ ደረቅ፣
ፋብሪካችን ወረቀት ሲቀደድ እንደሚሰማው፣ ውስጧን የሚሰነጥቅ።
ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር የለንም፤
አርባ ሁለት ደረጃ። አሥራ አራተኛው ላይ ትቆማለች፤ እኔም።
ቁልፍ የምፈልግ መስዬ ኪሴን እፈትሻለሁ፣
እንዳታውቅብኝ፤ እሷ ግን ታውቃለች፣ አውቃለሁ።

ዶክተር ያብሎንስካያ ምስሉን ስክሪኑ ላይ ከፍታ፣
«ይኼ ነጩ» አለችን፣ በብዕሯ ጫፍ ነክታ፣
«ጨረሩ ሲያልፍ የተወው ጠባሳ ነው፤ ዕጢ አይደለም።
ኮርቲዞን እንሰጣለን፣ ይረዳል። የጠነከረው ሁሉ ግን አይለሰልስም።»

የሚሰጥም ሰው አረፋ ይጨብጣል፤
እኛም ወደ ጊዶን ሄድን፣ ከሐዴራ ገበያ ጀርባ፣ ደጃፉ ሥራሥር ይሸታል።
የኪቡጽ ልጅ ነው፣ ፀጉሩን የቋጠረ፣
ቼንግዱ ሰባት ዓመት ተቀምጦ የተማረ።
ሦስት ጣቱን በእጇ አንጓ ላይ አኖረ፣
ከግድግዳ ማዶ ጎረቤቱን እንደሚያደምጥ ሰው አቀረቀረ።
«ምላስሽን አሳዪኝ» ሲላት ወደ እኔ ጠቆመች፣
«እሱን ጠይቀው፤ አርባ ዓመት ሳይለምን አይቶታል» አለች።

«ሳንባሽ ደርቋል» አለ። «ሙቀት ገብቶ እርጥበቱን ጠጣው።
ጠባሳውን አላጠፋልሽም፤ ሳሉን ምናልባት ባስታግሰው።»
ወረቀት ጻፈ። ልጃችን ኦርታል እያነበበች ተረጎመች፤
ይኼ ሥር ነው፣ ይኼ ቅርፊት፣ ይኼ የኮክ አስኳል፤ ከዚያ አንድ ቃል ላይ ቆመች።
«ሺልሹል።»
«ተቅማጥ? ተቅማጥ ያመጣል ማለት ነው?»
«አይ እማ» አለች ልጅቷ፣ ፊቷ ቀልቶ፣
«ሌላኛው ሺልሹል። የምድር ትል ነው፤ ደርቆ፣ ተፈጭቶ።»
ስንዳዮ ዝም አለች። ሳሏን አሳልፋ፣ ትንፋሿን ሰብስባ፣
«ተው በይው። ትል ኋላ እኔን ይብላ እንጂ
ቀድሜ እኔ እሱን በልቼ መቃብር አልገባ።»
ጊዶን አልሳቀም። መስመር አሰመረበት፣
ከጎኑም በዕብራይስጥ ጻፈ፦ ትል የሌለበት።

ዶክተሯ ዝርዝሩን ስታይ ቅንድቧ ተሰበሰበ፤
ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ ተነበበ።
«ኮርቲዞኑን ማቋረጥ የለም። በየሁለት ሳምንቱ ደም፣
ጉበቷን ልይ። አልከለክልም፤ ይሠራል የሚል ማስረጃ ግን በእጄ የለም።»

ሌሊት ከፈረቃ ስመለስ ድስቱን እጥዳለሁ፣
ሦስት ብርጭቆ ውኃ አንድ እስኪሆን እጠብቃለሁ።
ሽታው የረጠበ አፈር፣ የተላጠ ዛፍ፣ ትንሽም የአሮጌ ጫማ፤
ፍሬሃ ከላይ ፎቅ ወርዳ ታንኳኳለች፣ «ምን ተቃጠለ?» በፒጃማ።
በመስኮቱ ማዶ፣ ባሕሩ ዳር፣ የመብራት ኃይሉ ሦስት ጭስ ማውጫ
ይተነፍሳሉ ሌሊቱን ሙሉ፣ ሳይሹ መቀመጫ።

በጥር፣ ሃያ ስድስተኛው ደረጃ ላይ ቆመች።
ኮርቲዞኑ ይሁን፣ ሥራሥሩ ይሁን፣ ወይ እንዲያው ቀኑ፣
ጊዶን አላውቅም አለ፤ ዶክተሯም ትከሻዋን ሰበቀች።

ትናንት ሌሊት ተኝታ ሳለ ጎኗ ቁጭ አልኩ፣
እንደ ጊዶን አድርጌ ሦስት ጣቴን አንጓዋ ላይ አሳረፍኩ።
ምን እንደሚል አላውቅም። ይመታል። ደግሞ ይመታል።
እቆጥራለሁ፣ ይጠፋብኛል፣ እንደገና እጀምራለሁ፤ ጣቴ ይሞቃል።
ዓይኗን ሳትገልጥ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ሳል ሳያቋርጣት አለችኝ፦
«ተነሥ አንተ ሰውዬ፣ ድስቱ ገነፈለ፤ ምድጃውን ነገ እንዳታስጠርገኝ።»